ሐረ ሸይጣን ላይ የወረወርኳት ድንጋይ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቡታጅራ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ፒክአፕ መጥታ አጠገቤ ቆመች። በጀርባዋ አንድ ትልቅ የብረት ሰሌዳ በገመድ ታስሮ ተጭኗል። የሰሌዳው ቋሚዎች አረንጓዴ ተቀብተው ገና በወጉ አልደረቁም ነበርና ሽታቸው ከሻዬ ቅርንፉድ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። የዘይት ቀለምና የነጭ ጋዝ ሽታ። ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ ለእኔ ግን ወጣትነቴ ከነመሰላሉ መጥቶ ፊቴ ይቆማል።

ተነሥቼ ሰሌዳውን አነበብኩት። መነጽር አላደረግኩም፤ በእኔ ዕድሜ ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና እንተያይ። የሐይቁ ፎቶግራፍ አለበት፤ አረንጓዴ ውሃ፣ ዙሪያውን ገደል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሐረ ሸይጣን ሐይቅ። ከአፋፉ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውሃውን ነክቶ እንደማያውቅ የአካባቢው ሰዎች ይናገራሉ።»

«የአካባቢው ሰዎች እነማን ናቸው?» አልኩት ሾፌሩን።

«አባባ፣ እኔ የምተክል ነኝ፤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አለኝ እየሳቀ።

«እኔን የጠየቀኝ የለም። ነክቶ ያውቃል። የእኔ ድንጋይ ነክቷል።»

«እሺ አባባ» አለ። ሰው ለሕፃንና ለሽማግሌ የሚለውን እሺ ታውቀዋለህ። ያችን ነው ያለኝ።

እሱ ጊዜ አልነበረውም። አንተ ግን ጊዜ ካለህ ስማኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የተወለድኩት እዣ ነው፤ ከአገና ወጣ ብሎ፣ እንሰቱ ቤቱን ውጦ ጭሱ ብቻ ከላይ በሚታይበት መንደር። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። አባቴ ስኳሩን ይወስዳል፣ እኔ ወረቀቱን። አፌ ላይ ጠጕር ሳይበቅል ወልቂጤ ወረድኩና በጅማ መንገድ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ጎን እያየሁ የተጻፈባቸውን በከሰል ግድግዳ ላይ እገለብጥ ጀመር። አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ዓይኔ ፈጣን ሆነ። በኋላ ብሩሽ ስይዝ አስተማሪ አላስፈለገኝም። የጠየቅኩትም የለም፣ የነገረኝም የለም። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያኔ ቆመው ከነበሩት ሰሌዳዎች መልክ ያላቸውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጢያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ወዳሉበት የምታመለክተውን ቀስት የሳልኩት እኔ ነኝ። ጀፎረ የምንለውን፣ በጉራጌ መንደር መሀል ለጥ ብሎ የተዘረጋውን ሰፊ የሣር መንገድ፣ «ማረስ ክልክል ነው» ብዬ ሰሌዳ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ምንም እንኳ የመንደሩ ሽማግሌ አይተው «ይህን የማያውቅ ሰው ማንበብ ያውቃል እንዴ?» ቢሉኝም። እንግዳ ሰው አገራችንን ያየው በእኔ ጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቡታጅራ የገባሁት በዚያ ሥራ ነው። ዘመድ አልነበረኝም። የተከራየሁት ክፍል በአንድ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ጀርባ ነበር። ነጋዴው ከእኔ ትንሽ በዕድሜ ቢበልጥ ነው፤ የመስቃን ሰው፣ ሙስሊም፣ ረጅምና ቀጭን። የእሱ ቋንቋ ሌላ፣ የእኔ ጉራጊኛ ሌላ፤ አማርኛ አገናኘን። ልብሱ፣ ጢሙ፣ የሚያነበው ቁርኣን ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር ያቀፈው ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። በኢድ ቀን ቤቱ የሄደ እንግዳ ሁሉ «ዒድ ሙባረክ» እያለ ያስነጥስ ነበር።

ይህ ሰው ዋሽቶ አያውቅም። ጥሩ ሰው ነበር ለማለት ብዬ አይደለም፤ በገበያው የታወቀ ነገር ነው። በርበሬው እርጥበት ከያዘ ገዢው ሳይጠይቀው «ይሄ እርጥብ ነው፣ ሦስት ቀን አስጥተህ ክደነው» ይላል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይናደዱበት ነበር። ሁለት ሰዎች በሚዛን ሲጣሉ «እሱ ይይልን» ብለው ወደ እሱ ይመጣሉ። የሚገርመው ደግሞ አይምልም። «ወላሂ በል እስቲ» ሲሉት «ለበርበሬ?» ይላል።

እኔና እሱ እንዴት እንደተዋደድን አልገባኝም። እኔ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ይሰማኛል። አንዳንዴ ብቻ፣ ማታ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «አንተ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሆነው የቱ ነው?» ይለኛል። «ሁሉም!» እለዋለሁ። «ማሻአላህ» ይላል፣ በጢሙ ውስጥ እየሳቀ።

አሁን ወደ ልጅቷ እመጣለሁ።

በገበያው ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጎጃም በሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ይዞ የሚኖር፣ ንግግሩ ሁሉ በክርና በመርፌ የተለካ ሰው። ሰሌዳ እንድጽፍለት ጠራኝ። «ዘመናዊ የወንድና የሴት ልብስ ስፌት» የሚለውን አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ብዙ ቀን ፈጀሁበት፤ ምክንያቱም ከመሰላሉ ሥር ሆና የቀለሙን ጣሳ የምታቀብለኝ ልጁ ነበረች። መሰላል ላይ የቆመ ሰው የማያወራው ነገር የለም። ፀሐይ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እያበራች፣ የስፌት መኪናው ከውስጥ እየተንቀጫቀጨ፣ መንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ እንዴት እንደጠገንኩ፣ ከጅብ ጋር እንዴት እንደተፋጠጥኩ፣ ወልቂጤ ላይ የአንድ ሀብታም ሰው ፎቶግራፍ በዓይኔ አይቼ ብቻ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሳልኩት ነገርኳት። እሷ ታዳምጥና «ጣሳው እየፈሰሰብህ ነው» ትለኛለች።

ስፌት መኪናው አንዳንዴ ጸጥ ይል ነበር። አባትዬውም ይሰማኝ ኖሯል።

መስቀል ደረሰ። መቼም በእኛ አገር በመስቀል ወደ ቤተሰቡ የማይመለስ ሰው የለም፤ ከተማውም ገጠሩም ይሞላል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የሚያገባም ነገሩን የሚጨርሰው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሽማግሌ ላክሁ። ዘመድ ስለሌለኝ ሁለት የሰፈር አዛውንት ለምኜ፣ ሦስተኛ አድርጌ በርበሬ ነጋዴውን ላክሁት። ሙስሊም ሽማግሌ ለክርስቲያን ልጅ፣ ያውም ጢሙ ያልሸበተ! ግን ቃሉ የሚታመን ሰው ፈልጌ ሌላ ማንን ልላክ?

አመሻሹ ላይ ተመለሱ። ሁለቱ አዛውንት ቀጥታ ቤታቸው ገቡ። ነጋዴው መጋዘኑ በር ላይ ቆመ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ሻይ ጠጣ መጀመሪያ።»

«ምን አለ ነው የምልህ!»

ዋሽቶ ስለማያውቅ ማለሳለስም አያውቅበትም። ልብስ ሰፊው ያለውን እንዳለ ነገረኝ፦ «ልጁ ሥራው ጥሩ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። ቃሉ ግን የሐረ ሸይጣን ድንጋይ ነው፤ ይወረወራል እንጂ ውሃ አይነካም። ልጄን ውሃ ለማይነካ ቃል አልሰጥም።»

ይህ አነጋገር ለእኛ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ከቡታጅራ ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድክ መሬቱ ድንገት አፉን ይከፍታል። ከታች፣ እጅግ ከታች፣ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል። ሐረ ሸይጣን ነው፤ የሰይጣን ሐይቅ። ከአፋፉ ሆነህ ስታየው ቁልቁል ብትተፋ የሚደርስ ይመስልሃል። ድንጋይ ወርውር ትባላለህ። ትወረውራለህ። ድንጋይህ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ገደሉ ላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ እልም ብሎ ይጠፋል። ሰይጣኑ እጁን ዘርግቶ ይቀልበዋል ይባላል። በዚህ አገር ተወልዶ እዚያ ላይ ክንዱን ሳያዝል ያደገ ወንድ የለም። ጉረኛ ሁሉ የሚዳኘው እዚያ ነው። እና የልጅቷ አባት፣ ከጎጃም የመጣው ሰው፣ በእኛው ሐይቅ ሰደበኝ።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰምቷል። አንዱ «ድንጋዩ መጣ!» አለ። ሌላው «ውሃ ስጡት፣ ነክቶ አያውቅም!» አለ። ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ተነሣሁና ጠረጴዛውን መታሁ።

«እሺ! ውሃ አስነካዋለሁ! ሁላችሁም ኑና እዩ!»

በርበሬ ነጋዴው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስንወጣ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ፣ አፍህን እኮ ማሰፋት ነበረብህ። ልብስ ሰፊው እዚያው ነበረልህ።»

ወሬው ለልብስ ሰፊው ደረሰ። መልሱም በዚያው ቀን መጣ፦ «ካስነካ ይምጣ። ካላስነካ ሽማግሌ እንዳይደግም።»

አየህ፣ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ውሃውን ካልነካሁ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው።

ተለማመድኩ። እንዴት እንደተለማመድኩ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ያለ አስተማሪ ይህን ያህል የደረሰ ሰው አላውቅም። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ወንዙ ዳር እየወረድኩ ክንዴን ፈተንኩ። ክብ ድንጋይ ነፋስ ያዞረዋል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነፋስ ያነሣዋል፤ እንቁላል የመሰለ ድንጋይ ግን ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ይህን ያገኘሁት በራሴ ነው። አንዲት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በመዳፌ ልክ የተሠራች የምትመስል እንቁላል የምታህል ድንጋይ መረጥኩና ኪሴ ውስጥ አደረግኳት። ማታ ማታ ትራሴ ሥር አስቀምጣት ነበር።

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። የነጋዴው የበርበሬ መኪና ላይ ተሰቅለን ሄድን፤ የሻይ ቤቱ ጎረምሶች፣ ሁለቱ አዛውንት፣ እና ከሾፌሩ ጎን፣ ቆቡን አጥልቆ፣ ልብስ ሰፊው። ልጅቷ አልመጣችም። ጠዋት በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ግን ብቅ ብላ «ክንድህን አታሳየኝ፣ ሂድና ወርውር» ብላኛለች።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ሣሩ ላይ የአደይ አበባ ርዝራዥ አለ። ከታች ውሃው እንደ መስተዋት ረግቷል፣ አንዲት ነጭ ወፍ ብቻ በላዩ ትሄዳለች። ጎረምሶቹ እንኳ ዝም አሉ። ያ ቦታ ዝም ያሰኛል።

በእኛ ልማድ እንዲህ ያለ ውርርድ ሲሆን አንድ ሰው ወደ ታች መውረድ አለበት። ከላይ ሆነህ የውሃው ዳር በቁጥቋጦው ስለሚሸፈንብህ አታየውም፤ ስለዚህ የሚታመን ሰው ወርዶ ውሃው ዳር ይቆማል። ሰሚ ይባላል። ድንጋዩ ነካም አልነካም የሚባለው በእሱ ነው። ግን ማንም መውረድ አይወድም። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፣ ውሃው ደግሞ ስሙ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

«ማን ይወርዳል?» አለ አንዱ አዛውንት።

ጎረምሶቹ ጫማቸውን ያያሉ።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ በርበሬ ነጋዴው።

ዞር ብዬ አየሁት። ይህ ሰው ውሃ ይፈራ ነበር። ዋና አያውቅም፤ በክረምት ወንዙን ሲሻገር እጄን የሚይዝ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ፣ ነጩን ሸሚዙን ሰበሰበ፣ «ቢስሚላህ» አለና ወረደ። ጭንቅላቱ ቁጥቋጦው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አየነው። ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይንከባለላል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከታች ድምፁ መጣ፤ ገደሉ ድምፅ ስለሚመልስ አራት ሰው የጮኸ ይመስላል፦

«ወር—ውር!»

ድንጋዬን አወጣሁ። ሞቃለች። ከአፋፉ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሮጥኩ፣ ወረወርኩ። እንዲያ ያለ ውርወራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ ቦታ አልታየም፤ ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ። እንደ ጭልፊት ሄደች። ገደሉ ላይ ካሉት ግራሮች በላይ አየኋት፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ። ከዚያ ፀሐይዋ ዓይኔን መታችኝና አጣኋት።

ጸጥታ።

ጠበቅን። አንዱ ጎረምሳ መሳቅ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ቆቡን አስተካከለ።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው። ድም! አለ። ገደሉ ተቀበለው፣ ወዲያ ማዶ መለሰው፣ እንደገና ድም! አለ። ከዚያ ውሃው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሲወጣ ሁላችንም አየነው። ነጯ ወፍ ተነሥታ በረረች።

እንዴት እንደጮኽን ልነግርህ አልችልም። ተሸከሙኝ። «ድንጋዩ!» ሲሉኝ የዋሉት ጎረምሶች ትከሻቸው ላይ አድርገው አፋፉን አዞሩኝ፤ ገደሉ ውስጥ እንዳይጥሉኝ ብዬ ነው የፈራሁት። አንዱ «ድምፁ እኮ የድንጋይ አይመስልም፣ የወደቀ በሬ ነው!» አለ። እኔም ወዲያው አስረዳሁት፤ ከከፍታ የሚወርድ ነገር በወረደ ቁጥር እየከበደ እንደሚሄድ። ይህንንም ያገኘሁት በራሴ ነው።

ሰሚው ከታች እስኪወጣ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ያለከልካል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል፣ የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ረጥቦ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል።

«እህሳ?» አሉት አዛውንቱ። «ነካ?»

ሁላችንም አፍ አፉን አየን። ግንባሩን ጠረገ።

«ጆሮ የላችሁም እንዴ?» አለ።

ሳቅ ሆነ፣ እልልታ ሆነ። አንዱ «ምነው እንዲህ የራስከው?» ሲለው «የአስር ሶላት ደርሶብኛል፤ ውዱእ አደረግኩ» አለ። ሙስሊም ሊሰግድ ሲታጠብ እጁን እስከ ክርኑ እንደሚታጠብ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ከእኛ ፈንጠር ብሎ ሣሩ ላይ ሻሹን አነጠፈና ሰገደ። እኛ እየጨፈርን እሱ ይሰግዳል። ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከእሱ ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሱጁዱን ሲያስረዝም አይቼው አላውቅም። ለእኔ አምላኩን እያመሰገነልኝ ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ልብስ ሰፊው አልጨፈረም። ወደ እኔ መጣ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እህ አባቴ፣ ድንጋዬን አዩልኝ?» አልኩት።

«ድንጋዩን አላየሁትም» አለኝ። ዓይኑ ከሚሰግደው ሰው ላይ አልተነሣም። «እኔ ያየሁት የወረደውን ሰው ነው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ሽማግሌህን ላክ። ያንኑ ሰው ላክ» አለ።

ምስጋና የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው አልኩ በልቤ። ያን የመሰለ ውርወራ ፊቱ ተወርውሮ አላየሁም ይላል!

ሠርጌ ላይ ለነጋዴው ለብቻው በግ ተገዛ፣ በሙስሊም እጅ ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ ቀረበ፤ በእኛ ከተማ ወዳጅ እንዲህ ነው የሚከበረው። ሙሽራዬ እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል አስነጠሰች። እሱም እስኪያለቅስ ሳቀ።

ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ሁለታችንም ሸብተን፣ መጋዘኑ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን። «እስቲ ንገረኝ፣ ስትነካ ምን ትመስል ነበር ድንጋዬ?» አልኩት። የአንድ ዛላ በርበሬ አፍ ሰብሮ ፍሬውን ሲያይ ቆየና «ሚስትህ ደኅና ናት?» አለኝ። «ደኅና ናት» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ወሬያችን ወደ ዝናቡ ሄደ።

ያረፈው ካለፈው ክረምት በፊት ባለው ነው። ቃሬዛውን ተሸክሜያለሁ። ልጆቹ «ጋሼ ደከሙ፣ እንቀበልዎት» ቢሉኝ አልሰጠሁም። በከፈኑ ውስጥ እንኳ ትንሽ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ታዲያ የዚያን ዕለት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያን ሰሌዳ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ትፈልጋለህ? ሾፌሩን «ይዘኸኝ ሂድ» አልኩት። መኪናዋ ውስጥ ሌላ አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበረ፤ በመሀላቸው አስቀመጡኝ። ለባለቤቴ ስልክ ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«ሐረ ሸይጣን እየሄድኩ ነው።»

«ዛሬም ስለዚያች ድንጋይ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ብርድ እንዳይመታህ።»

መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ያኔ እስክንደርስ የተንገጫገጭንበት ዛሬ ወሬ ሳይጀመር ያልቃል። አፋፉ ግን ያው ነው። ውሃው ያው ነው። ወጣቶቹ ጉድጓድ ሲቆፍሩ እኔ ጉልበቴን ይዤ መሬቱን ስፈትሽ ቆየሁና አንዲት ጥቁር፣ እንቁላል የምታህል ድንጋይ አገኘሁ። ዓይኔ አሁንም ዓይን ነው አልኩህ። ክንዴም ለዕድሜው ክንድ ነው። ወረወርኩ።

ጥሩ ውርወራ ነበረ። አየኋት፤ በዚህኛው ጊዜ ፀሐይዋ ከደመና ጀርባ ስለነበረች እስከ መጨረሻ አየኋት። ግራሮቹ ጋ ደረሰች፣ ጎንበስ አለች፣ ቁጥቋጦው ውስጥ እልም ብላ ገባች። ወፍ እንኳ አልተነሣም።

ቆምኩ። ያ ድምፅ ያኔ እስኪመጣ ስንት እንደቆየ አሰብኩ። ድንጋይ ለመውደቅ ያን ያህል አይቆይም። ከባድነቱንም አሰብኩ፤ እንቁላል የምታህል ድንጋይ የወደቀ በሬ ድምፅ አታወጣም። ውሃ የሚፈራ ሰው፣ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ የሚያነሣውን ያህል ድንጋይ አሰብኩ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ምን እንዳየ ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያለ አስተማሪ ሁሉን ያወቅኩ ሰው፣ ይህን ለማወቅ ያን ያህል ዘመን ፈጀብኝ።

ይህን ሁሉ የሰጠኝን ሰው አሰብኩ። ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ማታ የሚጠብቀኝን መብራት። «ጆሮ የላችሁም እንዴ» ያለበትን፣ ዋሽቶ የማያውቀውን አፉን። ያን ረጅም ሱጁዱን።

ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው መንደር፣ የአስር አዛን መጣ። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው።

ወጣቶቹ ሰሌዳውን አቁመው በድንጋይ ጠቅጥቀው ጨርሰው ነበር። ጽሑፉን እንዲያስተካክሉ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ጎን ለጎኑ ቆሜ ቋሚው በቀጥታ መቆሙን በዓይኔ ለካሁ፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አስተካከሉት። ከዚያ ሾፌሩ እጁን እያራገፈ ወደ እኔ መጣ።

«አባባ፣ ሲወረውሩ አየሁዎት። ነካ እንዴ?»

«አልነካም» አልኩት። «ታች ሰው የለም።»